የንጉሡ መርዶ

መጀመሪያ ስሜን ልንገራችሁና ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ለቅሶው እንሄዳለን። ስሜ ትዕግሥት ነው። ያወጣልኝ አባቴ ነው። አባቴ በሕይወቱ ብዙ አልተሳሳተም፤ በዚህ ግን ክፉኛ ስቷል። እኔ ውኃ እስኪፈላ ቆሜ የማልጠብቅ፣ ሊፍት ሲዘገይብኝ በደረጃ ሮጬ ወርጄ ታች ስደርስ ሊፍቱ በሩን ከፍቶ የሚስቅብኝ ሰው ነኝ። ይህ የምነግራችሁ ጉድም የመጣው ስልኬን አይቼ መንካት ሲገባኝ ሳላይ በመንካቴ ነው።

ያኔ አሜሪካ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ ሄለን ከምትባል ልጅ ጋር አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት እምቢ ሲለኝ ዲቪ እሺ አለኝ። ሄለን ኤርፖርት የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። እኔ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ሚስ ዶረቲ የሚባሉ አሜሪካዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት ማስታወስ ይላል። ዋናው ሥራዬ ግን አብሬያቸው ቴሌቪዥን ማየት ነበር።

ሚስ ዶረቲ የሚሞቱለት አንድ ድራማ ነበራቸው። ንጉሥ፣ ቤተ መንግሥት፣ ጠንቋይ፣ ዘንዶ፤ ምን የሌለው ነገር አለ! እሁድ ማታ ይተላለፋል፤ እሳቸው በጊዜ ስለሚተኙ ሪከርድ ያደርጉትና ሰኞ ጠዋት ቁርሳቸውን እያበላኋቸው እናየዋለን። እንግሊዝኛዬ የተሠራው በዚያ ድራማ ነው። አንድ ቀን የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር ኮል አድርጋ «ሚስ ዶረቲ እንዴት ናቸው?» ስትለኝ፣ ኮራ ብዬ በእንግሊዝኛ «በሕይወት አሉ፣ እመቤቴ፤ ጠላቶቻቸው ይንቀጥቀጡ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የምትጽፍልኝ በቴክስት ብቻ ነበር።

ሄለንና ሌሎች ጥቂት ልጆች ይህን ድራማ የማየት ጊዜ የላቸውም። አንዷ ሆቴል ታጸዳለች፣ አንዷ ፓርኪንግ ትኬት ትቆርጣለች፣ አንዷ ደግሞ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ስለዚህ ቫይበር ላይ «ዘንዶዎቹ» የሚል ግሩፕ ከፈትን። ሰኞ ከሥራ ስወጣ አውቶብስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የዕለቱን ክፍል በድምፅ እተርክላቸዋለሁ። የሰዎቹ ስም ምላሴ ላይ ስለማይዞር የራሴን አወጣሁላቸው። ለምሳሌ እንዲህ ነበር የምለው፦

«ክፍል አንድ። እህቶቼ፣ በዚህ አገር ሁሉም ሰው ፈረስ አለው፤ ድርቆሽ የያዘ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ንጉሡ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብሎ በረዶ የሆነ ሐይቅ ያያል። ከሐይቁ ሥር ዘንዶ ተኝቷል። ይህን እያወቁ ከተማውን እዚያው ሐይቅ ዳር ቆርቁረውታል። መሬቱ ረክሶላቸው ይሆናል።»

«ክፍል ሁለት። የንጉሡ እህት የቤተ መንግሥቱን ቁልፍ ሁሉ ወገቧ ላይ አሥራ ትዞራለች። ያለ እሷ ማኅተም ዳቦ እንኳ አይጋገርም። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ ‘ወይዘሮ ቀበሌ’ ነው።»

«ክፍል ሦስት። ልዑሉ ዙፋን እንደሚሰጠው ቃል ተገብቶለታል። መቼ? አይታወቅም። ይጠብቃል፣ ያረጃል፣ ይጠብቃል። እሱን ‘ኮንዶሚኒየም’ ብየዋለሁ።»

«ክፍል አምስት። ወይዘሮ ቀበሌ ወጥ ቀማሹን መረዘችው። ለዚህች ለዚህች ዋሻ ገባች፣ ጠንቋይ አማከረች፣ በደም ማለች። እኔ ብሆን የሄለንን ሩዝ አቀርብለትና ይበቃው ነበር።»

ሄለን በዚህ ሩዝ ነገር አንድ ቀን ሙሉ አኩርፋኛለች።

ንጉሡንስ? ንጉሡን «አባባ» አልኩት። ምክንያቱም ሰውየው ቁርጥ አባቴን ነው። መልኩ አይደለም፤ አባቴ ጥቁር፣ አጭር፣ ጢም የሌለው ሰው ነው። ዝምታው ነው። ሕዝቡ ተርቦ ይመጣል፣ ጠላት ይከባል፣ ልጁ ያለቅሳል፤ ንጉሡ ሐይቁን እያየ አንድ ቃል ብቻ ይላል። የእንግሊዝኛውን ቃል ወደ አማርኛ ስመልሰው «እናያለን» ሆነ። አዳማ ስናድግ አባቴ ከባድ መኪናውን ነድቶ ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ጫማ ስንጠይቀው «እናያለን»። የትምህርት ቤት ጉዞ ስንለው «እናያለን»። ወደ አሜሪካ ልሄድ ስል እናቴ ኤርፖርት ላይ አንገቴን አንቃ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ስትለኝ፣ እኔን ቀድሞ የመለሰላት እሱ ነው፦ «እናያለን»።

ስልክ ላይማ ባሰበት። ስደውል ያነሣል። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ አባባ፣ አንተስ?» «ደህና። እንቺ እናትሽን።» በቃ። ስልኩ እጁን የሚያቃጥለው ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት የአማርኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። መዝሙር ክፍልም ነበርኩ፤ ድምፄ ስለማያምር ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአንዲት ረጅም ሴት ጀርባ ያቆሙኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ «ዘንዶ» ሲባል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ አይደለም፣ በጸሎት የሚባረር ነው። ስለዚህ የእኛ ግሩፕ ምሥጢር ነበር። ስልኬ ላይ «ዘንዶዎቹ» እና የቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ «የምሕረት ጸሎት ኅብረት» ላይና ታች ሆነው በሰላም ይኖሩ ነበር።

እስከዚያ ሰኞ ድረስ።

ያን ሰኞ ክፍል ስምንት ነበር። ወይዘሮ ቀበሌ መደወል የሌለበትን ደወል ደወለችውና ዘንዶው ነቃ። ዘውድ የጫነ ሰው በእግሩ ሄዶ ራሱን ካልሰጠ ከተማው ይቃጠላል። ኮንዶሚኒየም ተንቀጠቀጠ። ንጉሡ ግን ከድራማው መጀመሪያ አንሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ተነሣ። ካባውን አውልቆ ለልጁ ሰጠው። ልጁ «ትመለሳለህ?» አለው። አባባ ሐይቁን አየና «እናያለን» ብሎ በረዶው ላይ ብቻውን ሄደ።

ሚስ ዶረቲ የያዙትን ቶስት ጣሉት። እኔም በእሳቸው ናፕኪን ተናፈጥኩ።

ከሥራ ወጥቼ አውቶብስ ላይ ስቀመጥ ገና አልወጣልኝም ነበር። ያን ሰሞን እናቴ በስልክ «አባትሽን ስኳሩ ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ደህና ነው» ብላኛለች። ከአገር ቤት የሚመጣ «ትንሽ» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቶ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ምናልባት እሱም ሆዴ ውስጥ ነበር። ስልኬን አወጣሁ፤ ባትሪው ቀይ ሆኗል፤ ቻርጀሬን ሚስ ዶረቲ ቤት ረስቼዋለሁ። እንግዲህ ቶሎ ማለት አለብኝ። ከላይ ያለውን ግሩፕ ነካሁ። ከላይ ያለው ምንጊዜም «ዘንዶዎቹ» ነዋ! እያለቀስኩ እንዲህ አልኩ፦

«አባባ ሞተ! ወገኖቼ፣ አባባዬ ሞተ! ‘እናያለን’ ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም... ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? አባባን የበላው ያ...»

ስልኩ ሊጠፋ ሲል ጣቴን አነሣሁ፤ መልእክቱ ሹልክ ብሎ ሄደ። ስልኩም ከንጉሡ ጋር አብሮ ሞተ። ቤት ስገባ ሄለን ለሥራ ወጥታለች፤ የእሷ ቻርጀር ለእኔ ስልክ አይሆንም። ምን ቸገረኝ ብዬ ራሴን በሻሽ አሥሬ፣ ለንጉሡ ትንሽ ጨምሬ አልቅሼ ተኛሁ።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ። ችኩል ሰው በር ይደበድባል፤ ፖሊስም ይደበድባል። እንዲህ በጣት ጫፍ የሚያንኳኳ ማን እንደሆነ ማንም ሐበሻ ያውቀዋል። በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። እትዬ አልማዝ ጥቁር ሻሽ አሥረው ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «እህት አልማዝ» ነው የሚባሉት፤ እኔ ግን በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት እህት ማለት አፌ እምቢ ስለሚለኝ እትዬ ነው የምላቸው። ከእሳቸው ጀርባ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወንድም ጌቱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። ከእሳቸው ጀርባ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው። ከሎረል የመጣ አለ፣ ከጌይተርስበርግ የመጣ አለ። በዚያ ሰዓት፣ በሥራ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ትራፊክ! በፎይል የተሸፈነ ትሪ የያዙም አሉ።

እኛ የሰው ሞት በስልክ አንናገርም። ተሰብስበን፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ማለዳ ሄደን ነው የምናረዳው። ስለዚህ ገና በሩን ሳልከፍት አውቄዋለሁ። ማን እንደሆነ ብቻ ነው የቀረኝ።

«ማን ነው?» አልኩ በሩን እንደከፈትኩ።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በይ» አሉ እትዬ አልማዝ፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አልቀመጥም! ማን ነው?»

«ጠንከር በይ እንጂ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እትዬ አልማዝ፣ በጌታ ይዤዎታለሁ። አባባ ነው?»

ግራ የተጋቡ መሰሉ፤ ከዚያ አቀፉኝ። «አዎ እንጂ የኔ ልጅ። አባባ። ጌታ ጋር ሄዱ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ወለሉ ላይ ነበርኩ። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። አንዷ ጫማዬን ታጠልቅልኛለች፣ ሌላዋ ታወልቅልኛለች። ሻሼን ያዩ ሴቶች «ውይ፣ ሌሊቱን ብቻዋን ስታለቅስ አድራ!» ተባባሉ። ይህን ሰምቼ እንኳ አልነቃሁም። ብቻ «አባባዬን! አባባዬን!» እላለሁ።

ወንድም ጌቱ አጠገቤ ተንበርክከው፣ «እህቴ፣ ስለ አባትሽ ተናገሪ እስቲ። ሰው ሲናገር ይወጣለታል» አሉኝ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ዝምተኛ ነበር...» አልኩ። ሁሉም አነባ። «መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይወድ ነበር...» አልኩና ቆምኩ። አባቴ ነው መስኮት አጠገብ የሚቀመጠው ወይስ ንጉሡ? የእኛ ቤት ሳሎን መስኮት በየት በኩል ነበር? ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ ሌላ ነገር አጣሁ። የንጉሡን ፈረስ ስም አውቃለሁ። ንጉሡ በሰባት ዓመቱ ምን እንዳስፈራው፣ ሚስቱን የት እንዳገኛት፣ ግራ ትከሻው ላይ ያለው ጠባሳ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አባቴ በዚያ ሁሉ ዘመን ሲነዳው የኖረው ከባድ መኪና ምን ዓይነት እንደነበረ ግን ጠይቄው አላውቅም። በረሃ መሐል ጎማ ሲፈነዳበት የት ያድር እንደነበረ አላውቅም። ለምን እንደማይናገር አላውቅም። ሰው እንዴት አባቱ ሞቶ የሚያወራው ነገር ያጣል? በእውነት የምነግራችሁ፣ ከሞቱ ይልቅ ያ ነው አንጀቴን የበጠሰው።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ሄለን ከሌሊት ሥራዋ ገባች። በሩ ላይ የተከመረውን ጫማ አየች። ጥቁር ሻሽ አየች። ቦርሳዋን ጣለች።

«እማዬ! እማዬን ነው! ወይኔ እማዬ!»

ግማሹ ለቀስተኛ ከእኔ ተነሥቶ ወደ እሷ ሮጠ። «ኧረ አንቺ አይደለሽም! የእሷ ነው! የእሷ አባት ናቸው!»

ሄለን «እፎይ» አለች፤ ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ እንደሰማት ሲገባት ፊቷ ቀላና እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች፤ አሁን ለእኔ። መጥታ አቀፈችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«እነሱ ናቸው።»

«እኛ?» አሉ እትዬ አልማዝ። «ኧረ እኛማ ከራሷ ነው የሰማነው! ትናንት ድምጿን ልካ አይደል እንዴ? ከዚያ ብንደውል ብንደውል ስልኳ ዝግ ነው። ራሷን እንዳትጎዳ ብለን ስንጸልይ አደርን።»

«እኔ? ምን ላክሁ?»

እትዬ አልማዝ ስልካቸውን ከብብታቸው አውጥተው ነካ አደረጉት። የገዛ ድምፄ ከነልቅሶው ሳሎኑን ሞላው። «አባባ ሞተ! ወገኖቼ፣ አባባዬ ሞተ!... አባባን የበላው ያ...»

«ያ ስኳር ነው» አሉ አንዲት ሴት ከጥግ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ሄለንና እኔ ተያየን። አባቴ አልሞተም! ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ ለካ ትናንት ስልኬ ላይ ከላይ የነበረው የጸሎት ግሩፑ ነው፤ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። የማለቅስለት መርዶ የራሴ መርዶ ነው። ሳቅ መጣብኝ። ልይዘው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ሆዴን ይዤ ተንከተከትኩ።

«ኢየሱስ!» አሉ እትዬ አልማዝ።

«ሐዘኑ ናላዋን አዞረው» አለ አንዱ።

«አይ፣ አይ፣ ቆዩ!» አልኩ እንባና ሳቅ እየተናነቀኝ። «አባቴ አይደለም! ንጉሡ ነው! ዘንዶው ነው የበላው!»

በዚህ ቃል ቤቱ ተለወጠ። ወንድም ጌቱ ብድግ ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «በኢየሱስ ስም! አንተ ዘንዶ፣ ልቀቃት!»

«ልቀቃት!» አለ ሳሎኑ በአንድ ድምፅ።

«ወንድም ጌቱ፣ ይስሙኝ! ሐይቁ ሥር ተኝቶ ነበር፣ ወይዘሮ ቀበሌ ደወሉን ስትደውለው...»

«ውጣ! አንተ የሐይቅ መንፈስ!»

በተናገርኩ ቁጥር እየባሰ ሄደ። አንዷ የወይራ ዘይት ስትፈልግ ኩሽናችን ገብታ ቁምሳጥን ታንኳኳለች። እኔ በጸሎቱ ሥር ታፍኜ እስቃለሁ፤ በሳቅሁ ቁጥር ይበረቱብኛል። በመጨረሻ ሄለን ሶፋው ላይ ወጣችና ኤርፖርት ውስጥ ሰው በሚጠሩበት ድምፅ ጮኸች፦

«ፊልም ነው! ሰዎች፣ ፊልም ነው! የሞተው የቲቪ ንጉሥ ነው!»

የወንድም ጌቱ እጅ እንደተጫነ ራሴ ላይ ቀረ።

«ፊልም?» አሉ ቀስ ብለው።

«ድራማ ነው» አልኩ ከሥራቸው። «በክፍል የሚሄድ።»

እትዬ አልማዝ እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። ፊታቸው አመድ መሰለና ቀስ ብለው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ትዕግሥት» አሉ፣ «እኔ እኮ አዳማ ደውያለሁ።»

«ማን ጋ?»

«እህቴ ጋ። የእናንተ ሰፈር ናት። ‘የነትዕግሥት ቤት ሐዘን ገብቷል፤ ዕድርተኛውን ይዘሽ ሳትዘገዪ ድረሽላቸው’ አልኳት።»

«ማን ሞተ ብለው?»

«እንዴ! በስልክ ሰው ሞተ ይባላል እንዴ?»

ሳቄ እንዴት እንደጠፋ ልነግራችሁ አልችልም። እዚህ ማለዳ ከሆነ እዚያ ከቀትር በኋላ ነው። እንግዲህ ዕድሩ ደርሷል። እናቴ ደካማ ናት። የእትዬ አልማዝን ስልክ ነጥቄ የአባቴን ቁጥር መታሁ፤ ከመቸኮሌ የተነሣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት። ጠራ፣ ጠራ። ተነሣ። መጀመሪያ የተሰማኝ ዋይታ ነው። ሴቶች ይጮኻሉ። ስሜን እየጠሩ ነው የሚጮኹት።

«ሃሎ» አለ አንድ የተሰበረ ድምፅ።

«አባባ!»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው ሲያዞር ተሰማኝ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ትዕግሥት ነኝ።»

«የኔ ትዕግሥት?»

«አዎ።»

«አለሽ?»

«አለሁ አባባ። አንተስ አለህ?»

«እኔማ አለሁ! አንቺ ነሽ እንጂ የሞትሽው!»

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ለቀስተኛው ሲሄድ በሩን የከፈተላቸው አባቴ ራሱ ነው። አዩት፤ ደነገጡ። እሱ አልሞተም። ከጀርባው እናቴ መጣች፤ እሷም አልሞተችም። ወሬው የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ የዚያ ቤት ሰው አሜሪካ ያለው አንድ ብቻ ነው። እርስ በርስ ተያዩና እኔን ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ላንድማርክ አፓርትመንቴ ወለል ላይ አባቴን ስቀብር፣ አባቴ አዳማ ግቢው ውስጥ እኔን እየቀበረኝ ነበር።

አባቴ ያን ቀን «እንቺ እናትሽን» አላለም። እናቴ እጁን ስትጎትተው ይሰማኛል፤ ስልኩን አልሰጣትም። አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ልክ ከባድ መኪና ሽቅብ ሲወጣ እንደሚያቃስተው ነው። «ድንኳን ተክለውልሽ ነበር እኮ» አለኝ። «እኔ ችካሉን ይዤላቸው ነበር። ገና ስም ሳወጣልሽ...» አለና አልጨረሰውም። እኔም እስከ ዛሬ ምን ሊል እንደነበረ አልጠየቅሁትም። የማልጠይቀው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ተናፍጦ ጠየቀኝ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

ሳሎኑ ሙሉ ሰው አየኝ። «ንጉሡ» አልኩ።

«የየት አገር ንጉሥ?»

«የቴሌቪዥን።»

እንግዲህ ይሰድበኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በምን ሞተ?» አለ አባቴ።

«ዘንዶ በላው።»

«ምን አድርጎ?»

«ምንም አላደረገም። ከተማው እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ሄደለት።»

«ወታደር አልነበረውም?»

«ነበረው አባባ። ዘውድ የጫነው ሰው ራሱ መሄድ አለበት ነው የሚለው ሕጉ።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

እንግዲህ ይህን ለማስረዳት ወይዘሮ ቀበሌን ማምጣት ነበረብኝ። እሷን ለማስረዳት ደግሞ ክፍል ሁለትን። «ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ» አልኩት። ጥቁር የለበሰ ሳሎን ሙሉ ሰው ፊት፣ ራሴ ላይ የተጫነው እጅ ሳይቀዘቅዝ፣ ስለ ዘንዶ ለአባቴ በስልክ ተረክሁ። አዳማም ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ለቀስተኛው ይሰማል። ኮንዶሚኒየም ላይ ስደርስ ከወዲያ በኩል ድንኳን ሙሉ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ከወዲህ በኩል የትሪዎቹ ፎይል መከፈት ጀመረ፤ ምግቡ መቼም አይጣልም።

መርዙ ላይ ስደርስ እትዬ አልማዝ የጎረሱትን ሳይውጡ፣ «ይህቺ ሴትዮ ሳትቀጣ ቀረች?» አሉ።

ወንድም ጌቱ በቁጣ አዩአቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትቀጣለች ግን?» አሉኝ።

ጨርሼ ዝም ስል አባቴ ከወዲያ «ልጁ ‘ትመለሳለህ?’ ሲለው ምን አለው ነው ያልሽው?» ብሎ ጠየቀ።

«‘እናያለን’ አለው።»

አባቴ «ጎበዝ ንጉሥ ነው» አለ። «ሲመለስ ደውዪልኝ።» ከዚያ ነው ለእናቴ የሰጣት።

ይኸው ነው ገጠመኜ። አሁን እናንተን ላስቸግር። ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ችኩልነቴ አልተለወጠም፤ አሁንም ከሊፍት ጋር እሽቅድምድም ላይ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘንዶ በተሰበከ ቁጥር ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ሦስተኛው ረድፍ ያዞራል። እትዬ አልማዝ እሁድ እሁድ ፓርኪንጉ ላይ ጎተት አድርገውኝ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «ያቺ ሴትዮስ?» ይሉኛል።

የተለወጠው ሰኞ ነው። ሰኞ ሰኞ አባቴ ጋ እደውላለሁ፤ የሳምንቱን ክፍል እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ እየሰማ ያርመኛል። «በረዶ ላይ ፈረስ እንዲህ አይሮጥም» ይለኛል። «አንተ በረዶ የት አየህ?» ስለው፣ «ጨው ሜዳ ላይ ነድቻለሁ፤ ያው ነው» ይልና አፋር ላይ መኪናው የሰመጠበትን ቀን ይነግረኛል። የመኪናውን ስም አሁን አውቃለሁ። ረዳቱ ማን እንደነበር፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ምን እንደሚዘፍኑ አውቃለሁ። ዝምተኛ አልነበረም ሰውየው! ‘ደህና ነሽ?’ ለሚል ጥያቄ ‘ደህና ነኝ’ ብቻ ብላችሁ ከመለሳችሁለት እሱም ዝም ይላል። እኔ ነኝ ለአባቴ የማወራው ነገር ያጣሁት። እናንተም ብትሆኑ «ደህና ነኝ» ብቻ አትበሉ፤ ወሬ ከሌላችሁ ዘንዶ ፈልጉ።

አንድ ምሥጢር ብቻ ቀርቶኛል። ድራማው ከዓመታት በኋላ አለቀ፤ አጨራረሱ ግን የሚያናድድ ነበር። ንጉሡ አልተመለሰም፤ ስሙን እንኳ ያነሣለት ሰው የለም። ቀድመው ያረፉት ሚስ ዶረቲ ቢኖሩ ኖሮ ሪሞቱን በመስኮት ይወረውሩት ነበር። ያን ሰኞ ስደውል አባቴ ገና ሰላም ሳይለኝ፣ «ተመለሰ?» አለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሳምንት ሳይጠይቀኝ ያለፈው የለም።

«ተመለሰ» አልኩት። በረዶው ተሰነጠቀ አልኩት። ከሐይቁ ወጣ፤ ጢሙ አድጓል፤ ልጁ ካባውን አለበሰው፤ ወይዘሮ ቀበሌ ቁልፏን አስረከበች አልኩት። አባቴ አንድም ጊዜ ሳያርመኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ብዬ ነበር» አለ።

ስለዚህ አዳማ ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ አጭር፣ ጥቁር፣ ጢም የሌለው ጡረተኛ ሹፌር ስለ አንድ ንጉሥ ሲያወራ ካገኛችሁት አደራ፣ አትንገሩት። አይ እንነግረዋለን ካላችሁ ግን፣ መጀመሪያ «ፊልም ነው» በሉት፤ ከዚያ ነው መርዶው።